ብርጋዴር ዳንኤል ሳንድፎርድ፦ በሁለት የዓለም ጦርነቶች ያለፈ የመኮንንነት ዘመን

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካሳንቺስ ስሙን የወረሰው ከጣልያን ወረራ ዘመን ነው። የፋሺስት መንግሥት ለሲቪል ሠራተኞቹ መኖሪያ እንዲያዘጋጅ ያቋቋመው ድርጅት በምሕጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ስለነበር፣ በዚህ አካባቢ ያሠራቸው ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ተባሉ፤ የአዲስ አበባ ሰውም ስሙን ለአንደበቱ አስማምቶ ካሳንቺስ አለው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ በከተማይቱ ላይ እንዲህ ያለ ስም እንደተወ ሁሉ፣ ወረራው የተገረሰሰበት ዘመቻም የራሱን ስሞች ትቷል። የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና በፒያሳ ያለው የኩኒንግሃም ጎዳና የሁለት እንግሊዛውያን ጄኔራሎችን መታሰቢያ ይዘው ይገኛሉ። ሳንድፎርድ የሚለው ስም ግን ለአብዛኛው የከተማው ነዋሪ የአንድ ትምህርት ቤት መጠሪያ ብቻ ነው። የስሙ ባለቤት ብርጋዴር ዳንኤል አርተር ሳንድፎርድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ምድር በመድፈኛ መኮንንነት የተዋጉ፣ በሁለተኛው ደግሞ በ58 ዓመታቸው ከሱዳን ተነሥተው በእግርና በበቅሎ ጎጃም የገቡ፣ በሁለቱ ጦርነቶች መካከልም ሆነ ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ በገበሬነትና በመንግሥት አማካሪነት የኖሩ ሰው ናቸው።

የእንግሊዝ ጦር በእነዚያ ሁለት ጦርነቶች ያለፉ እጅግ ብዙ መኮንኖች ነበሩት፤ አብዛኞቹም ከአንዱ ጦር ሜዳ ወደ ሌላው የተዘዋወሩት ትእዛዝ በወሰዳቸው መንገድ ነው። የሳንድፎርድ አገልግሎት ከእነዚህ የሚለየው በጦርነት ችሎታቸው ልዩ ስለነበሩ ሳይሆን፣ ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ የሚዋጉበትን አገር ሕዝብ፣ ቋንቋና የሹመት ሥርዓት በሰላሙ ጊዜ ኖረውበት ስለሚያውቁ ነበር። ይህ እውቀት በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ምን ያህል እንደጠቀመ ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም በዊንጌት ዝና ጥላ ሥር የተሸፈነው ይህ ሥራ ባይሠራ ኖሮ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አገራቸው የተመለሱበት መንገድ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብሎ ማመን ይቻላል።

ሳንድፎርድ በ1882 እ.ኤ.አ. ከአንድ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ቤተሰብ ተወለዱ። የመድፈኛና የመሐንዲስ መኮንኖች በሚሠለጥኑበት በዉልዊች የጦር አካዳሚ ተምረው በ1900 እ.ኤ.አ. ወደ መድፈኛ ጦር ገቡ። ያ ዘመን የእንግሊዝ ግዛት ከሕንድ እስከ ኤደን፣ ከግብፅ እስከ ሱዳን የተዘረጋበት ስለነበር፣ ወጣት መኮንኖች ገና በመጀመሪያ ዓመታቸው ከአገራቸው እጅግ ርቀው ማገልገላቸው የተለመደ ነበር። ሳንድፎርድም ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ የቆመ ስለነበር፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ተጓዥ ሁሉ በቅሎ ጭኖ ሳምንታት እየቆጠረ ይሄደው ነበር፤ አገሪቱን ከሠረገላ መስኮት ሳይሆን ከገበሬው ማሳ ዳርና ከየሰፈሩ ማደሪያ ያየ እንግዳ የሚያተርፈውን እውቀት ሳንድፎርድ በኋላ በተግባር አሳይተውታል።

በ1914 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ ምዕራቡ ግንባር ወሰዳቸው። ምዕራባዊ ግንባር የሚባለው ከቤልጂግ የባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በፈረንሳይ በኩል እስከ ስዊዘርላንድ ድንበር የተቆፈረው የምሽግ መስመር ሲሆን፣ ለአራት ዓመታት ያህል ሁለቱ ወገኖች በጥቂት ኪሎ ሜትሮች መሬት ላይ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሰው እየገበሩ የተፋጠጡበት ነው። በዚያ ጦርነት ከጠመንጃና ከመትረየስ ይልቅ ብዙ ሰው የፈጀው መድፍ ስለነበር፣ የመድፈኛ መኮንን ሥራ የጦርነቱ ልብ ነበር ማለት ይቻላል፤ የጠላትን ምሽግ ከሩቅ ለክቶ ማፍረስ፣ የራስን እግረኛ ሳይመቱ ከፊቱ መንገድ መጥረግ፣ የጠላትን መድፍ ፈልጎ ዝም ማሰኘት ትዕግሥትና ስሌት ይጠይቃል። ሳንድፎርድ በዚህ ሥራ «ዲ ኤስ ኦ» በሚል ምሕጻር የሚታወቀውን፣ በጦር ሜዳ ላቅ ያለ አገልግሎት ላበረከቱ መኮንኖች የሚሰጠውን ኒሻን ሁለት ጊዜ ተሸለሙ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል በ1918 እ.ኤ.አ. ክርስቲን ላሽን አገቡ፤ ይህ ጋብቻ ከቤተሰብ ጉዳይ አልፎ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ፖለቲካ ውስጥ እንግዳ የሆነ ሁኔታ የሚፈጥር ሆኖ ተገኝቷል።

ከጦርነቱ በኋላ ሳንድፎርድ ሠራዊቱን ለቀው አቢሲኒያን ኮርፖሬሽን በተባለው የእንግሊዝ ንግድ ኩባንያ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። ብዙ የውጭ አገር ሰዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ሳንድፎርድና ባለቤታቸው ግን ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሙገር ሸለቆ በሚያወርደው ደጋ ላይ ባለው ሙሉ በተባለ ስፍራ መሬት ይዘው እርሻ ጀመሩ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት፣ አማርኛ የለመዱት፣ ከባላገሩም ሆነ ከመኳንንቱ ጋር የተዋወቁት በዚያ ነው። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንንም ሳንድፎርድን የቀረቡት በእነዚህ ዓመታት ሲሆን፣ ወዳጅነቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ከጫኑም በኋላ ጸንቶ ቆይቷል። መኮንኑ በአገሪቱ ግብርና፣ በዳኝነቱ አካሄድ፣ በሹማምንት መካከል ባለው ፉክክርና በዝምድና ሰንሰለት ላይ ያካበቱት እውቀት በማንኛውም የጦር ትምህርት ቤት የሚሰጥ አልነበረም።

በ1927 ዓ.ም. መንግሥት ሳንድፎርድን በደቡብ ምዕራብ ወደምትገኘው ማጂ በአማካሪነት ላካቸው። ማጂ ለብዙ ዘመን በባሪያ ንግድና በጠመንጃ ዝርፊያ የተጎዳ ጠረፍ ስለነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ የአስተዳደር ማሻሻያ ከሚሞከርባቸው አውራጃዎች አንዱ አድርገውት ነበር። ሙከራው ፍሬ ለማፍራት ጊዜ አላገኘም፤ በመስከረም 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶልዮ አዲስ አበባ ገባ፣ የሳንድፎርድ ቤተሰብም እንደ ብዙ ሰው ስደት ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለች ከተማ በስደት በኖሩባቸው ዓመታት የለንደን መንግሥት ከሙሶሊኒ ጋር ሰላም ለማትረፍ ሲል በ1938 እ.ኤ.አ. የጣልያንን የኢትዮጵያ ግዛት እስከ መቀበል ደርሶ ነበር። ይህንን ውርደት ያዩ ጥቂት እንግሊዛውያን የኢትዮጵያን ጉዳይ በጽናት ደግፈዋል፤ ሳንድፎርድና ባለቤታቸው ከእነዚህ ወገን ነበሩ።

በ1939 እ.ኤ.አ. ጦርነት ሲነሣ የመካከለኛው ምሥራቅ አዛዥ ጄኔራል አርቺባልድ ዌቬል ጣልያን ከጀርመን ጎን ከተሰለፈች በኢትዮጵያ ውስጥ ዐመፁን እንዴት መርዳት እንደሚቻል የሚያጠና ሰው ፈለጉ፤ ሳንድፎርድም ወደ ካይሮ ተጠሩ። ጡረታ የወጣ መኮንን በ57 ዓመቱ እንደገና ወደ ውትድርና መመለሱ ራሱ ያልተለመደ ነው። ከዚያም ካርቱም ላይ፣ ቀድሞ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ከነበሩትና የጣናንና የዓባይን አካባቢ ካጠኑት ሮበርት ቺዝማን ጋር ሆነው ስለ አርበኞቹ መረጃ መሰብሰብ ጀመሩ። የዘመቻው ስም «ሚሽን 101» ተባለ፤ ቁጥሩ የተወሰደው ከአንድ የእንግሊዝ መድፍ ፊውዝ፣ ማለትም በጥይቱ ጫፍ ላይ ተገጥሞ ጥይቱ ሲያርፍ ፍንዳታውን ከሚያስነሣው መሣሪያ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ባሩዱ ቀድሞ በአገሩ ውስጥ አለ፣ የጎደለው አቀጣጣዩ ብቻ ነው የሚል ነበር። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ግን መታረም ያለበት ነገር አለ። ባሩዱ በ1932 ዓ.ም. ገና ሊቀጣጠል የሚጠብቅ አልነበረም፤ በጎጃም እነ በላይ ዘለቀ፣ በሸዋ እነ አበበ አረጋይ፣ በየወረዳውም ስማቸው ያልተጻፈ እልፍ ሰዎች ያለ ማንም የውጭ እርዳታ ከአራት ዓመት በላይ ሲዋጉ ቆይተዋል። የእንግሊዝ መድፈኛ መኮንን ጎጃም ሲገባ የደረሰው በሚነድ እሳት ላይ ነበር።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣልያን በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአውሮፕላን ከእንግሊዝ አገር ወደ እስክንድርያ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን መጡ። የሱዳን አስተዳደርና በዚያ ያለው የጦር አዛዥ ጄኔራል ዊልያም ፕላት በንጉሠ ነገሥቱ መምጣት አልተደሰቱም፤ እጃቸው ላይ የነበረው ጦር ትንሽ ሲሆን የጣልያን ጦር ደግሞ እጅግ ብዙ ስለነበር፣ በአርበኞች ኃይል የሚያምኑም አልነበሩም። ሳንድፎርድ በዚህ ላይ የተለየ አቋም ነበራቸው። ጦርነቱ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የእንግሊዝ ጦርነት ሆኖ ከታየ አንዱ ወራሪ በሌላው ተተካ የሚል ጥርጣሬ ያሸንፋል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ስምና በኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ከተደረገ ግን ሕዝቡ የራሱ ያደርገዋል ብለው ያምኑ ነበር። ዛሬ ይህ አሳብ የታወቀ እውነት ይመስላል፤ በ1932 ዓ.ም. በካርቱም የጦር መምሪያ ውስጥ ግን ብዙ ተቃዋሚ ነበረው።

ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከጥቂት እንግሊዛውያንና ከኢትዮጵያውያን ባልንጀሮቻቸው ጋር የሱዳንን ድንበር ተሻግረው በክረምቱ መካከል ወደ ጎጃም አቀኑ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አብረው የሄዱት አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ፤ እኚህ ሰው በኋላ ደጃዝማች ሆነው የጻፉት «የታሪክ ማስታወሻ» የዚያን ዘመን ታሪክ ከኢትዮጵያዊ ወገን ለማወቅ ለሚፈልግ ሁሉ ዋነኛ መጽሐፍ ሆኖ ቆይቷል። የአዛዥ ከበደ መኖር ለዘመቻው ወሳኝ ነበር፤ አንድ የውጭ አገር መኮንን ምንም ያህል አማርኛ ቢያውቅ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ሹመት ሊያጸና፣ ጠብ ሊያበርድ ወይም ቃል ሊያስገባ አይችልምና። ጭነት ይዘው በሌላ መንገድ ከኋላ የተከተሏቸው አውስትራልያዊው አርኖልድ ዊንሆልት፣ ቀድሞ የአገራቸው ፓርላማ አባል የነበሩና በ1928ቱ ጦርነት ጊዜም በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አገልግሎት የሰጡ ሽማግሌ፣ ብዙም ሳይርቁ በጠላት እጅ ተገደሉ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ለኢትዮጵያ የሞተ የሩቅ አገር ሰው በአዲስ አበባ ከተማ መታሰቢያ ቢኖረው የሚገባ ነበር።

ሳንድፎርድ የጎጃምን ደጋ ወጥተው ከዓባይ ምንጭ ብዙ በማይርቀው በሰከላ አካባቢ መቀመጫቸውን አደረጉ። በዚያ የሠሩት ሥራ በጦር ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ገጽ አይወስድም፤ ለውጤቱ ግን ከብዙ ውጊያ ይበልጣል። በምዕራብ ጎጃም ከፍተኛ ኃይል የነበራቸው ሁለት የአርበኛ መሪዎች፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በመካከላቸው የቆየ ፉክክር ስለነበረ ጦራቸውን ማስተባበር አልቻሉም ነበር። በመስከረም 1933 ዓ.ም. ሁለቱ ጠላትን አብረው ለመውጋትና እርስ በርስ ላለመነካካት ቃል ተገባቡ። ይህ ስምምነት የተገኘው በማስፈራራት ወይም በገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ የእያንዳንዱን ክብር ጠብቆ ሳይቸኩሉ በመነጋገር ነው፤ በሽምግልና የኖረ ሕዝብ ያደነቀው ነገር እንደሆነም መገመት አያዳግትም። ከዚያ ባሻገር ሳንድፎርድ በሬዲዮ ወደ ካርቱም የላኩት ወሬ ሕዝቡ ንጉሠ ነገሥቱን እንደሚጠብቅ፣ የጣልያን ጦር በየምሽጉ ተዘግቶ መቀመጡንና ጠመንጃ፣ የማርያ ቴሬዛ ብርና የአውሮፕላን እርዳታ ቢላክ ጎጃም እንደሚነሣ የሚያስረዳ ነበር። በካርቱም የነበሩት ጠርጣሪዎች አንዳንዶቹ ወሬው ከልክ በላይ ተስፈኛ ነው ብለው ነበር፤ ነገር ግን በጥቅምት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትሩ አንተኒ ኢደን፣ የደቡብ አፍሪካው ጄኔራል ስመትስና ጄኔራል ዌቬል በካርቱም ተሰብስበው ስለ ኢትዮጵያ ሲመክሩ የዘመቻው ክብደት ተለወጠ።

በዚሁ ወቅት ሜጀር ኦርድ ዊንጌት ወደ ሱዳን መጡ። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሰከላ ላይ አርፈው ከሳንድፎርድ ጋር ተገናኙ። ከዚያች ስብሰባ «ጌዴዎን ጦር» የተባለው ኃይል ተወለደ፤ በመጽሐፈ መሳፍንት በሦስት መቶ ሰው ብዙውን ሠራዊት ያሸነፈው ጌዴዎን ስሙን የሰጠው ይህ ጦር ከሱዳናውያን ወታደሮች፣ ከኢትዮጵያውያን ሻለቃና ከጥቂት እንግሊዛውያን መኮንኖች የተዋቀረ፣ ጠቅላላ ቁጥሩ ከሁለት ሺሕ የማይበልጥ ኃይል ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን ሰቀሉ። ሳንድፎርድ ብርጋዴር ተብለው የንጉሠ ነገሥቱ የጦርና የፖለቲካ አማካሪ ሲሆኑ፣ የጦሩ አዛዥነት ለዊንጌት ተሰጠ። ብርጋዴር ከኮሎኔል በላይ ከሜጀር ጄኔራል በታች ያለ ማዕረግ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ግን በማዕረግ የሚበልጡት ሽማግሌ ጦር የማያዙ፣ ጦሩን የሚያዙት ደግሞ በማዕረግም በዕድሜም የሚያንሱ ሆኑ። ዊንጌት በዚያን ጊዜ የ37 ዓመት ሰው ነበሩ።

በሁለቱ መካከል ቅራኔ መፈጠሩ አያስደንቅም። ዊንጌት የሚያምኑት በፍጥነትና በድንጋጤ ነው፤ ሳንድፎርድ ደግሞ በአርበኞቹ አለቆች በኩል ቀስ ብሎ በሚሰፋ ዐመፅ ያምኑ ነበር። በሳንድፎርድ በኩል ይዘጋጃሉ የተባሉት የጭነት በቅሎዎች በጊዜው ባለመገኘታቸው ጦሩ ከሱዳን ባመጣቸው ብዙ ሺሕ ግመሎች ተንቀሳቀሰ፤ ለቆላ የተፈጠሩት ግመሎች በጎጃም ብርድና ቁልቁለት በየመንገዱ አለቁ። ይህ ስሕተት በሳንድፎርድ ላይ የሚቆጠር ነው። ዊንጌት ደግሞ አማካሪው ከትእዛዝ መስመር ውጭ ለመኮንኖች መመሪያ ይጽፋሉ ብለው ያማርሩ ነበር፤ ይህም ቅሬታ መሠረት ነበረው። ቢሆንም የዊንጌት ጦር በቡሬ፣ በማንኩሳና በደምበጫ በኩል ሲገፋ ያገኘው አቀባበል፣ ስንቅና መረጃ የመጣው ከስድስት ወር በፊት ከተዘራው ዘር ነው። በእንግሊዝ ቋንቋ የተጻፉ ብዙ ታሪኮች ይህን ዘር ዘሪውን ረስተው አጫጁን ብቻ ሲያመሰግኑ ቆይተዋል፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሽሬፍ ያሳተሙት መጽሐፍ ሳንድፎርድንና አርበኞቹን ከዊንጌት ጎን በማሰለፍ ፍርዱን በመጠኑ አስተካክሏል።

መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. በደቡብ በኩል ከኬንያ የመጣው የጄኔራል አላን ኩኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ያዘ፤ በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለኢትዮጵያውያን ግራ የሚያጋባ ነበር። ኩኒንግሃም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው ለመግባት እንዲቆዩ ጠየቁ፤ ምክንያታቸውም በከተማው ውስጥ፣ እንደ ካሳንቺስ ባሉ አዲስ ሰፈሮች ጭምር፣ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ጣልያናውያን ሲቪሎች ስለነበሩ የበቀል እርምጃ ይወሰዳል የሚል ስጋት ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያችው ከተማ በሦስት ቀን በጣልያኖች እጅ የተጨፈጨፈውን የሕዝብ ብዛት ያየ ሰው የእንግሊዞችን ስጋት ምክንያት ያውቃል፤ ነገር ግን ኢትዮጵያውያኑ ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት ዐዋጅ መሠረት በቀልን መከልከላቸው ለስጋቱ በቂ መልስ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ባዶልዮ በገባ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ገቡ።

ድሉ ሌላ ትግል ይዞ መጣ። እንግሊዞች «የተያዙ የጠላት ግዛቶች አስተዳደር» በሚባል ወታደራዊ መዋቅር ኢትዮጵያን ለማስተዳደር ፈለጉ፤ ይህ መዋቅር በጦር ሕግ መሠረት ከጠላት የተወሰደ መሬት የሚተዳደርበት ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ግን የጣልያን ግዛት ሳትሆን በግፍ የተወረረች ነጻ አገር ስለነበረች መጠሪያው ራሱ የሚያስቆጣ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 3 ቀን 1933 ዓ.ም. ሚኒስትሮቻቸውን በሾሙ ጊዜ በአዲስ አበባ የነበረው የእንግሊዝ ፖለቲካ ሹም ብርጋዴር ሞሪስ ላሽ፣ ከጣልያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ሥልጣን ሊይዙ አይችሉም ብለው ተቃወሙ። ሞሪስ ላሽ የክርስቲን ሳንድፎርድ ወንድም ነበሩ። አንዱ ብርጋዴር የእንግሊዝን ወታደራዊ አስተዳደር ወክለው የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ለመወሰን ሲከራከሩ፣ የእኅታቸው ባል የሆኑት ሌላው ብርጋዴር ደግሞ በቤተ መንግሥት በኩል ቆመው ለኢትዮጵያ ነጻነት ይከራከሩ ነበር። ሳንድፎርድ የራሳቸው መንግሥት ባለሥልጣኖች «ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከመጠን ያለፈ ወገንተኝነት አላቸው» ብለው መጠርጠራቸውን ያውቁ ነበር፤ ቢሆንም ከአቋማቸው አላፈገፈጉም። የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው በራሱ መንግሥት ፊት ለሌላ አገር ጥብቅና መቆሙ ከጦር ሜዳው የማያንስ ድፍረት ይጠይቃል።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት የኢትዮጵያን ሉዓላዊነት ቢቀበልም፣ ለእንግሊዝ ብዙ መብት ሰጠ፤ የእንግሊዝ ሚኒስትር ከሌሎች ዲፕሎማቶች ቀድሞ እንዲቀመጥ፣ አማካሪዎችና ዳኞች ከእንግሊዝ እንዲመጡ፣ በምላሹም ለመጀመሪያው ዓመት 1 ሚሊዮን 500 ሺሕ፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን፣ ለቀጣዮቹም ያነሰ ፓውንድ እንግሊዝ እንድትረዳ የሚል ነበር። ሳንድፎርድ በዚህ ስምምነት ዘመን በአገር ግዛት ሚኒስቴር አማካሪ ሆነው ሠሩ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ደንብ የጠቅላይ ግዛት ገዢዎችን የመንግሥት ደመወዝተኛ አድርጎ፣ ግብር በራሳቸው እጅ እንዳይሰበስቡና የግል ጦር እንዳይዙ በማድረግ ለዘመናት የኖረውን ሥርዓት ለወጠ። ይህ ለውጥ የንጉሠ ነገሥቱ የረጅም ጊዜ ዓላማ እንጂ የአማካሪው ፈጠራ አይደለም፤ ማጂ ላይ ተሞክሮ በወረራ የተቋረጠው አሳብ በሰፊው ሲሠራበት ማየታቸው ግን ለሳንድፎርድ ትርጉም ያለው እንደነበር መገመት ይቻላል። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት የእንግሊዝ ልዩ መብቶች አብዛኞቹ ሲቀሩ፣ ብዙ እንግሊዛውያን አማካሪዎች አገሪቱን ለቀቁ። ሳንድፎርድ ግን ቀሩ፤ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም በዋና ዳይሬክተርነት አገለገሉ።

ያ ማዘጋጃ ቤት የተረከበው ከተማ ቀላል አልነበረም። ጣልያኖች አዲስ አበባን የሁለት ዘር ከተማ ለማድረግ አቅደው፣ ለነጮች የታሰቡ ሰፈሮችን ከኢትዮጵያውያን መኖሪያ ለይተው መገንባት ጀምረው ነበር፤ ወረራው ሲያበቃም እንደ ካሳንቺስ ያሉ ያላለቁ ሰፈሮች፣ ቁጥሩ የጨመረ ሕዝብ፣ የተበላሸ የንብረት መዝገብና ጥቂት ገንዘብ ቀሩ። የከተማዋ አስተዳደር ውኃ፣ መንገድ፣ ጽዳትና የቤት ኪራይ ውዝግብ ላይ የሚያደርገው ድካም የጦር ሜዳ ዝና አያመጣም፤ በሁለት ጦርነቶች የተሸለሙ መኮንን እንዲህ ያለ ሥራ መቀበላቸው የአገልግሎት ትርጉማቸውን በግልጽ ያሳያል። ባለቤታቸው ክርስቲን ደግሞ በቤታቸው ጥቂት ልጆችን ማስተማር ጀምረው፣ ሥራው እየሰፋ ዛሬ በስማቸው ወደሚጠራው ትምህርት ቤት ደርሷል። በ1946 እ.ኤ.አ. እና በ1955 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያና ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ሁለት መጻሕፍት አሳትመዋል፤ መጻሕፍቱ ለንጉሠ ነገሥቱ ያላቸው ፍቅር ግልጽ ስለሆነ እንደ ምስክርነት እንጂ እንደ ገለልተኛ ታሪክ መነበብ የለባቸውም።

ብርጋዴር ሳንድፎርድ የመጨረሻ ዓመታቸውን የኖሩት እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ወደ ሙሉ እርሻቸው ተመልሰው ቀድሞ የጀመሩትን ሥራ ቀጠሉ። በጥር 1964 ዓ.ም. በ89 ዓመታቸው አረፉ። የዘመቻቸው ባልደረባ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ከዙፋናቸው የወረዱት ከዚያ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ ሲሆን፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በአገሪቱ ያለውን የገጠር መሬት በሙሉ የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ የሙሉው እርሻም በዚሁ አዋጅ ሥር ወደቀ።